አፍ ላይ የቆመችው ኳስ

ሰውየው የተገኘው ከፑል ጠረጴዛው እግር ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ነው። አንደኛው እግሩ ነጠላ ጫማ አጥልቋል፤ ሌላው ባዶውን ነው። ጭንቅላቱ በስተኋላ ከጠረጴዛው የብረት እግር ጋር ተጋጭቶ ደሙ ደርቋል። ከራሱ ሥር ግን የጠረጴዛው መሸፈኛ ጨርቅ በሥርዓት ተጣጥፎ እንደ ትራስ ገብቶለታል።

መርማሪዋ ከሁሉ በፊት ያየችው ትራሱን ነው። ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ጡረታዋ ደርሷል፤ እግሯ ገና ረፋዱ ላይ ማበጥ ይጀምራል። «ጠልቶ የገደለ ትራስ አያደርግም» አለች በልቧ፣ «ትራስ ያደረገ ደግሞ ሐኪም ይጠራል። ይኼኛው ትራሱን አድርጎ በሩን ዘግቶ ሄደ።» ወንበር ስባ ተቀመጠችና የጫማዋን ማሰሪያ ላላ አደረገች።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ያለው አጭር ነበር። ደረቱ ላይ የመገፋት ምልክት አለ፤ ሰውየው ንጋት ላይ ወድቋል፤ ወዲያው ግን አልሞተም። «ቶሎ ቢደረስለት ኖሮ…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

ይኸውላችሁ፣ ሟቹን ሰፈሩ «በረኛው» እያለ ነበር የሚጠራው። ሜዳ ገብቶ ኳስ ይዞ ግን አያውቅም፤ ስሙ የወጣለት በዚሁ በፑል ቤቱ ነው። ጨዋታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አንዱ ተጫዋች ሙሉ ቀለም ያላቸውን ኳሶች ይይዛል፣ ሌላው መስመር ያለባቸውን። ነጯን በዱላ እየመታ የራሱን ሁሉ ቀዳዳ ውስጥ ከከተተ በኋላ ጥቁሯን ያስገባ አሸነፈ፤ ይኸው ነው። በረኛው ታዲያ የራሱን ኳስ ቀዳዳው አፍ ድረስ ይወስዳትና እዚያው ይተዋታል። ለእሱ በፈለገ ጊዜ በትንፋሽ ትገባለታለች። ለተጋጣሚው ግን የተዘጋ በር ነች። ስንቱ ወጣት እዚያ በር ላይ ሲያንኳኳ አመሸ!

ሬሳውን ያገኘው ልብስ ሰፊው ነው፤ የሟቹ የዕድሜ ልክ ተጋጣሚ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ።

«አረፍ ይበሉ» አለችው መርማሪዋ።

«አንቺ እረፊ ልጄ፣ እግርሽን አይቼዋለሁ። እኔማ ቁጭ ካልኩ የሚያነሳኝ ያስፈልጋል፤ የሚያነሳኝ ደግሞ ያው እሱ ነበር።»

«ጠዋት ምን ሊያደርጉ መጡ?»

ሽማግሌው ከኪሱ ወፍራም መርፌና በሰም የታሸ ክር አወጣ። «ልሰፋ። ያቺ የቀኝ ጥግ ቀዳዳ ይታይሻል? ኳስ የሚይዘው የቆዳ ከረጢቷ ትናንት አመሻሽ ሥሩ ተተረተረ። መጨረሻ የገባችው ኳስ ወለሉ ላይ ዱብ! በረኛው ሳቀና ‹እኔም ከረጢቴም አረጀን› አለ። እኛም ወዲያው ጨዋታውን አቆምን።»

መርማሪዋ ቀዳዳዋን ከላይ አየቻት፤ ደህና ነች። «የተተረተረ አይመስልም።»

«ተንበርክከሽ ካላየሽው አይታይም። እጅሽን ከሥር ካላደረግሽ ግን ኳሷ አትጠብቅሽም።»

«ጨዋታውን ለምን አቆማችሁ?»

«ሳል ያዘውና! ደረቱ እንደ አሮጌ ወናፍ ነው። የሚተኛው ከኋላ ባለችው ክፍል ነው፤ ግድግዳዋ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ሴት ልጁና ባሏ ‹ይብቃህ፣ ዘግተህ ከእኛ ጋር ኑር› ይሉታል። እሱ ደግሞ ‹ሬሳዬን ነው የምታወጡት› ይላቸዋል። ይኸው፣ ምነው እንዲህ ባላለ ኖሮ።» ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገው። «በመጨረሻ በጨዋታ ይለይ ተባለ። የልጁ ባል ካሸነፈ በረኛው ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል፤ በረኛው ካሸነፈ ነገሩ ሁለተኛ አይነሳበትም።»

«እና እንዴት ነበር ያቆማችሁት?»

«ተራው የልጁ ባል ነበር። ለእሱ ቀይዋ ብቻ ቀርታዋለች፤ ጠርዙን ተደግፋ ከጥጓ ቀዳዳ ራቅ ብላ ቆማለች። ለበረኛው የቀረችው ባለቢጫ መስመሯ ናት፤ እሷም እዚያችው ቀዳዳ አፍ ላይ፣ እንደ ልማዱ። ጥቁሯ ማዶ ናት። ነጯን ማንም እንዳይነካት በጠመኔ ከበብናት፣ ጨርቁን አለበስንና ወጣን።» ይህን ብሎ ወደ ጠረጴዛው ዘወር አለ። ፊቱ ተለወጠ። «ባለቢጫዋስ? የታለች?»

መርማሪዋ እጇን ዘርግታ በመስኮቱ በኩል ያለውን አግዳሚ ወንበር አሳየችው። ኳሷ ከሥሩ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ሽማግሌው ጠረጴዛውን ዞረው። ነጯ በጠመኔው ክብ ውስጥ እንዳለች ናት። ቀይዋ ግን ተነቃንቃ ከጥጓ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ በቀጥታው፣ ተቀምጣለች።

«እንግዲህ አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለችው። «እኔ ፑል አላውቅም። ቀዳዳ ሲዘጋብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ? እጠብቃለሁ። ነጯን እሱ በማይመቸው ቦታ እደብቅበታለሁ። ሲቸግረው ራሱ በሩን ይከፍትልኛል። በእርግጥ ከፍቶልኝ አያውቅም።»

«ክሩን ኪስዎ ያድርጉት። ዛሬ አይስፉት።»

አለቃዋ ደወለ። አለቃዋ ነገር ሲረዝም የማይወድ ሰው ነው። የልጁ ባል ጣቢያ ገብቷል፤ ጎህ ሳይቀድ ከቤቱ መውጣቱን ጎረቤት መስክሯል፤ ቁልፍም አለው።

«ጨዋታው ተነካክቷል፣ የተዘጋበት ተከፍቷል። ለማን ጠቀመ? ለእሱ!» አለ አለቃዋ። «ሟቹ ሲያጭበረብር ደረሰበት፣ ገፋው፣ አለቀ። ዛሬውኑ ፈርመሽ ላኪልኝ፣ ፍርድ ቤት ይቅረብ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«እልካለሁ አልኩ፤ ዛሬውኑ።»

የሟቹ ልጅ ከደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉር ሠሪ ናት፤ የሥራ ሽርጧን አላወለቀችም፤ ሽርጧ ከሆዷ በላይ ተሰቅሏል፤ ወሯ ገብቷል። ስታለቅስ አርፍዳ አሁን መንገዱን ታያለች። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የደረጃው ድንጋይ ይንቀጠቀጣል።

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም እግራቸውን ዘርግተው እብጠታቸውን እኩል አዩት።

«የኔስ በልጅ ነው» አለች ልጅቷ። «የእርስዎስ?»

«በሰው ልጅ።»

ልጅቷ ፈገግ ልትል ደርሳ ተወችው። «ባሌን መልሱልኝ። አባቴን በአንድ ቀን አጣሁ፤ ይኼ የሆዴ ደግሞ ሳይወለድ አባቱን ሊያጣ ነው? እሱ አባዬን አይነካም። በሽንፈት እንኳ ሲናደድ አይቼው አላውቅም፤ ሲሸነፍ ይርበዋል እንጂ።»

«ማን ማን ቁልፍ አለው?»

«ሁላችንም። እኔና ባሌ፣ ልብስ ሰፊው፣ አጎቴ። ቤቱ የአያቴ ነው፤ ለአባዬና ለአጎቴ በጋራ የተወላቸው።»

«ጨዋታ ትችያለሽ?»

«ሣጥን ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት።»

«እንዲያ ከሆነ በባልሽ ቦታ ብትሆኚ ያንን የተዘጋ ቀዳዳ ምን ታደርጊው ነበር?»

ልጅቷ እጇን አነሳች፤ ጣቶቿ በአየሩ ላይ ዱላ ያዙ። «ቀይዋን ለስለስ አድርጌ ባለቢጫዋን በጎን እነካታለሁ። አላስገባትም፤ ከበሩ ላይ ገለል ትልና ጠርዙ ላይ ትለጠፋለች። ያን ጊዜ በሩ ለእኔ ይከፈታል፣ ለእሱ ደግሞ የማትገባ ኳስ ትሆንበታለች።»

«አንስቶ ቀዳዳው ውስጥ መጣልስ?»

«የእሱን ኳስ?» ልጅቷ ዞር ብላ አየቻት። «እንዴ! የእሱን ሥራ ሠራሽለት ማለት ነዋ። የቀረችው አንዲት ኳስ ነበረች። እሷ ከገባችለት ጥቁሯን መታ አድርጎ ወደ አልጋው ነው።»

«በራሷ ብትወድቅስ? መኪና ሲያልፍ?»

«ትመለሳላ! ቦታዋን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንት ጊዜ ወድቃ መልሰናታል።»

መርማሪዋ ከተቀመጠችበት ለመነሳት የልጅቷን ትከሻ ያዘች፤ ልጅቷም እሷን። ተደጋግፈው ተነሱ።

አማቹ፣ የልጅቷ ባል፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጣቢያ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል እንደ መሪ የያዘ ሰው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አገኘችው።

«ጎህ ሳይቀድ የት ነበርክ?»

«ጋራዥ። አውቶቡሱ ባትሪው ደክሟል፤ ቀድሜው ካልተነሳሁ አይነሳልኝም። ብቻዬን ነበርኩ። ዘበኛውም ተኝቶ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ እንጂ ሁልጊዜ ተኝቶ ነው።»

«ያቺን የተዘጋች ቀዳዳ ምን ልታደርጋት አስበህ ነበር?»

«በር ሲዘጋ በሩን መደብደብ ምን ያደርጋል፣ ሌላ በር ይፈለጋል። ቀይዋን ከጠርዙ አንጥሬ ወደ ማዶው ጥግ መስደድ ይቻላል። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል።»

«ይቻላል አልክ። እኔ የጠየቅኩህ ምን ልታደርግ ነበር ብዬ ነው።»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። «ለሚስቴ የማልነግራት ነገር ነው» አለ። «ግድያ ግን አይደለም።»

መርማሪዋ አልገፋችውም። ሰው የሚደብቀው ሁሉ ወንጀል እንዳልሆነ ታውቃለች። «ጨዋታው እንዴት እንደቆመ ለማን ነገርክ?»

«ለአጎቷ ብቻ። ማታ ደውሎ ‹እንዴት ሆነ?› አለኝ። ‹በባለቢጫዋ የጥጓን ቀዳዳ ዘጋብኝ፣ ጠዋት እንጨርሳለን› አልኩት።»

«ስለ ከረጢቱስ?»

«የምን ከረጢት? አ፣ የተተረተረው? ስለ እሱማ ምን አገባውና እነግረዋለሁ?»

አጎትየው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሲሚንቶ ይነግዳል። ሱቁን ልቀቅ ተብሏል። ከረጢቶቹ ግማሾቹ ከደጅ በላስቲክ ተሸፍነው ዝናብ እየጠበቁ ነው። የዓይኑ ሽፋሽፍት ላይ ሳይቀር ዱቄት አለ፤ እንባው በዚያ ላይ ሲወርድ ግራጫ መስመር ይሠራል። እንባው እውነተኛ ነበር፤ መርማሪዋ ይህንን ልብ ብላለች።

«ወንድሜ ያንን ቤት እንደ ሚስት ነው የያዘው» አለ። «‹ልቀቅልኝ፣ መጋዘን ላድርገው፣ ዕቃዬ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው› ብዬ ለመንኩት። ‹ኳሶቼስ የት ይሂዱ?› አለኝ። ኳስ! ወንድም ሜዳ ላይ ሲወድቅ ለኳስ ያዝናል።»

«እዚያ ቤት ከገቡ ስንት ጊዜ ሆነዎ?»

«ወራት። ብገባስ ምን አደርጋለሁ? ጨዋታው አይገባኝም፣ ጠረጴዛውን ነክቼ አላውቅም። እሱ ሲጫወት እኔ ጆንያ ስሸከም ነው ያደግኩት።»

«አማችየው ዘጋብኝ ሲልዎ ምን አሉት?»

«‹የዘጋብህን ነገር ማንሳት ነዋ!› አልኩት። ምን ፍልስፍና አለው? በር ላይ ድንጋይ ከቆመ ድንጋዩን ታነሳለህ።»

«ልክ ነው» አለች መርማሪዋ በለሆሳስ። «ሲሚንቶ ቤት ከሆነ ልክ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ፑል ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ወለሉ ታጥቧል። አማቹ በካቴና መጥቶ ከሚስቱ ፊት ለፊት ቆመ፤ ፖሊሱ በመካከል ስለነበር በዓይናቸው ብቻ ተያዩ። ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ተደገፈ። ሲሚንቶ ነጋዴው ኮፍያውን አውልቆ ጨብጧል። መርማሪዋ ጫማዋን ጨርሳ አውልቃ በካልሲ ቆማለች። የማንንም ትዝብት የምትፈራበት ዕድሜ አልፏል።

ጠረጴዛው ላይ ቀድማ ብዙ ኳሶች በትናበታለች።

«ጋሼ» አለችው ሲሚንቶ ነጋዴውን፣ «ወረቀቴን የምዘረጋበት ቦታ ያስለቅቁልኝ። እሷ ጎንበስ ማለት አትችልም፣ እሱ እጁ ታስሯል፣ የእኚህ ልብስ ሰፊ አባባ ወገብ አይታጠፍም። ኳሶቹን በየቅርባቸው ባለው ቀዳዳ ይክተቱልኝ።»

ሲሚንቶ ነጋዴው ኮፍያውን አስቀመጠና ጀመረ። እጁ ከበድ ያለ ነው፤ ኳሶቹን እንደ ድንጋይ እያነሳ ይጥላል። በግራ ጥግ አንዷን ጣለ። በመሐለኛው ሁለት ጣለ። ከዚያ ወደ ቀኙ ጥግ መጣ። ኳሷን በቀኝ እጁ አነሳ፤ ግራ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደና መዳፉን ከከረጢቱ በታች ዘረጋ። ኳሷ ወርዳ መዳፉ ላይ አረፈች። ወስዶ መደርደሪያው ላይ አኖራት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሄዶ እንደ ፊተኛው ጣለ።

ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ። መርማሪዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«አመሰግናለሁ፤ ይበቃል» አለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ሲወጣ የድል ድምፅ አልነበረም፤ ሸክም የሚያወርድ ሰው ድምፅ ነበር።

«ነጯ ከጠመኔው ክብ አልወጣችም። ስለዚህ ንጋት ላይ እዚህ ቤት የገባው ሰው አልተጫወተም፤ በእጁ ነው ያነሳው። ያነሳውም የበረኛውን ባለቢጫ ኳስ ነው። ቀይዋንም ገፋ አድርጎ ከተከፈተው ቀዳዳ ፊት አስተካከላት። ለማን ብሎ? ለአማቹ ብሎ። እስከዚህ ከአለቃዬ ጋር እስማማለሁ።»

አማቹ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋችሁ፤ የተዘጋ ቀዳዳ ምን ይደረጋል? አባባ ይጠበቃል አሉ። እሷ በጎን ገለል ይደረጋል አለች። እሱ ሌላ ቀዳዳ ይፈለጋል አለ። ሦስቱም አንድ ነገር ያውቃሉ፤ የዘጋችውን ኳስ ማስገባት ለጠላት መሥራት ነው። ባለቢጫዋ ከገባች ለበረኛው የምትቀረው ጥቁሯ ብቻ ነበረች። አማቹ ለራሱ ሊያጭበረብር ቢመጣ ያቺን ኳስ አይነካትም። ልጅቷም አትነካትም። አባባም በረኛው እንዲያሸንፍ ቢፈልጉ ቀይዋን ለአማቹ አያመቻቹለትም ነበር። ይህን ያደረገው አማቹ እንዲያሸንፍ የሚፈልግ፣ ግን ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ነው። በር ላይ ድንጋይ ከቆመ ድንጋዩን ታነሳለህ የሚል ሰው።»

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞሩ።

«እኔ?» አለ ሲሚንቶ ነጋዴው። «ይኼ ግምት ነው! እኔ ወራት…»

«ወራት አልመጣሁም፣ ጠረጴዛውንም ነክቼ አላውቅም፤ ሰምቻለሁ። ይህ ከረጢት የተተረተረው ትናንት አመሻሽ ነው። እዚህ ከነበሩት በቀር የሚያውቀው የለም። አንተ ነግረኸዋል?» ብላ ወደ አማቹ ዞረች።

«አልነገርኩትም» አለ አማቹ።

«ከላይ አይታይም። ንጋት ላይ የመጣው ሰውም አላወቀም ነበር። ባለቢጫዋን ቀዳዳው ውስጥ ጣላት፤ ቆዳ ላይ በቀስታ ታርፋለች ብሎ። ወለሉ ላይ ወደቀች። እዚያ ክፍል ውስጥ ደረቱ እያፈነው ዕንቅልፍ ያጣ ሽማግሌ ነበር፤ የኳስ ድምፅ ሲሰማ ሌላኛውን ጫማ እንኳ ሳይፈልግ ወጣ። ቀሪውን እርስዎ ያውቁታል። ሌሎቹ ቀዳዳዎች ላይ ዝም ብለው ጣሉ ጋሼ። እዚህኛው ላይ ግን እጅዎን ከሥር አደረጉ። ይህች ቀዳዳ ኳስ እንደማትይዝ ማን ነገረዎ?»

ሲሚንቶ ነጋዴው የግራ መዳፉን ገልብጦ አየው። የሌላ ሰው እጅ የሚያይ ይመስል ነበር።

«ድምፅዋ…» አለ። «ያቺ ትንሽ ኳስ ያን ያህል ትጮኻለች ብዬ አላሰብኩም። ቤቱን ሞላችው።» ወንበር ፈልጎ አጣና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «መኪና አንቀጥቅጦ ጣላት ይባላል ብዬ ነበር። ማን ይጠይቃል? ‹ሌባ!› እያለ መጣ። ፊቴን ሲያይ ከሌባ የባሰ ስም ጠራኝ፤ አባታችን የሚጠራኝን ስም። ያዘኝ፤ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ይተነፍስ ነበር። ትራስ አደረግኩለት። ‹ይነሳል› አልኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጣላ እሱ ነው ቀድሞ የሚነሳው።»

«ሐኪም ለምን አልጠሩለትም?»

«ምን ብዬ? ኳስ ልሰርቅ ገብቼ ነው ብዬ?»

ከውጭ ከባድ መኪና አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ ወደ አጎቷ ተጠጋች። አልጮኸችበትም። ድምፅዋ ሕፃን የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነበር።

«አጎቴ፣ ኳስ በራሷ ከወደቀችማ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ጠዋት መልሰን ነበር የምናስቀምጣት።»

ያን ጊዜ ነው ሰውየው እንደ ልጅ ጮኾ ያለቀሰው።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ተዛወረ። ፖሊሱ አጎትየውን ይዞ ሲወጣ ኮፍያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ልብስ ሰፊው አነሳና ተከትሎ ራሱ ላይ አደረገለት። መርማሪዋ ለአለቃዋ ደውላ በሁለት ቃል ነገረችው። አለቃዋ ብዙ ጠየቀ፤ እሷ «በጽሑፍ እልካለሁ» ብላ ዘጋችው።

አማቹ የእጁን አንጓ እያሸ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ሚስቱ ባለቢጫዋን ይዛ መጣችና ቀዳዳዋ አፍ ላይ፣ አባቷ ትቷት በነበረበት ልክ አቆመቻት። ቀይዋንም ወደ ጠርዟ መለሰቻት። ነጯንና ጥቁሯንም እንደነበሩ።

«ተራው ያንተ ነበር» አለችው።

«ተይኝ።»

«ምን ልታደርግ እንደነበር ለመርማሪዋ አልነገርካትም አሉ። ለእኔ ንገረኝ።»

ሹፌሩ ዱላውን ከግድግዳው አወረደ። ጫፉን በጠመኔ አሸ። «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አለ ሳያያት። «አባትሽን ከዚህ ቤት ብናወጣቸው እኛ ጋ ግድግዳ ሲያዩ ነው የሚሞቱት። አንቺ ደግሞ እርጥበቱን ፈርተሻል፤ ልክ ነሽ። እንዴት እንደምነግርሽ አላወቅኩም። ስቼ የመታሁ ልመስል ነበር ያሰብኩት።»

ጎንበስ አለና ነጯን መታ። ነጯ ቀይዋን አገኘች፤ ቀይዋ በጠርዙ ላይ ተንሸራታ ባለቢጫዋን ነካቻት። ባለቢጫዋ ገባች። ልብስ ሰፊው፣ ወገቡ አይታጠፍም የተባለው ሽማግሌ፣ ያን ጊዜ ታጥፎ ነበር፤ መዳፉን ከከረጢቱ ሥር ዘርግቶ ያለ ድምፅ ተቀበላት።

«እንዲህ ላስገባላቸው ነበር» አለ ሹፌሩ። «አሁን የአባትሽ ተራ ነው። ጥቁሯ ብቻ ናት የቀረቻቸው።»

ልጅቷ ዱላውን ከእጁ ወሰደች። ሆዷ ከጠረጴዛው ስላራቃት በጎን ዞራ ቆመች፤ ክርኗን እንደ አባቷ ከፍ አደረገች። መርማሪዋ ጫማዋን ስታስር እጇ ቆመ።

ጥቁሯ ቀስ ብላ ሄደች። ማዶ ያለችው ቀዳዳ ክፍት ነበረች፤ የዘጋት አልነበረም።

«አሸነፈ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከ። «ቤቱ የእሱ ነው።»